በቁጥር የሄደ ደም

ሞያሌ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለዐፋፍ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። የናይሮቢ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ሙስሊማ ሰላም ብላሻለች። በሾፌሩ በአዳን አውቶቡስ ቅቤ ልካልሻለች፤ መንገድ ላይ እንዳይፈስ በላስቲክ ሦስት ጊዜ አስራዋለችና ለመፍታት መቀስ ያስፈልግሻል።

ስልክ ለምን አታነሳም ብለሽ ተቆጥተሻል። ቅር አይበልሽ። ገበያ ስውል የከብቱ ጫጫታ አያሰማኝም፤ ቤት ስገባ ደግሞ ኔትወርኩ አንዴ የኢትዮጵያ፣ አንዴ የኬንያ እየሆነ ይቆራረጣል። ደብዳቤ አይቆራረጥም። ደግሞ ሀሁ ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና የእጅ ጽሑፍሽን ሳየው ደስ ይለኛል።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። አፉ ውስጥ ቆስሎ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነለት፣ ለጥናትሽ ደሙን የሚሰጥ ሰው ፈልግልኝ ብለሽኛል። በዚህ ገበያ ሠላሳ ዓመት በደላላነት ስቆም ግመል ፈልግልኝ፣ ወይፈን ፈልግልኝ የሚለኝ እንጂ ቁስል ፈልግልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያንቺ ቃል ነውና ጠየቅሁ፣ አጠያየቅሁ። ሦስት ሰው አግኝቻለሁ።

አንዱ የቡቲዬው ዓምበሮ ነው። ጉንጩ ከውስጥ ቆስሎ ምግብ ሲያኝክ ይደማበታል። ሁለተኛዋ ጎልቦ የሚኖሩት ጡሜ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ብዙ ግመል ያላቸው ሴት ናቸው። ድዳቸው አብጦ ከወተት በቀር የሚወርድላቸው የለም። ትምባሆ ማኘክ የጀመሩት ከጋብቻቸው በፊት ነው ይላሉ። ሦስተኛው እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ነው። የቆሰለው ምላሱ ጠርዝ ላይ ነው። አራት ወር ሊሆነው ነው፤ አሁን አሁን ጆሮው ድረስ ይወጋዋል። ስሙን እንድጽፍ ግን አልፈቀደም።

ሰዎቹ የጠየቁኝን ልጠይቅሽ። ደማችንን ምን ታደርጊበታለሽ? ለምን እዚሁ ተቀድቶ እንደ ቅቤው በአዳን አይላክም? የሰጠ ሰውስ ምን ያገኛል? በተለይ ሦስተኛው ሰውዬ ይህን ሳላውቅ ንቅንቅ አልልም ብሏል።

አላህ ይጠብቅሽ።

አቡያሽ ሙሐረም


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017

ለማከብርዎት ለአጎቴ ለአቡያ ሙሐረም፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ቅቤው ጠብ ሳይል ደርሷል። መቀሱ አልበቃም፣ ቢላ ጨመርኩበት። ለሙስሊማ ምስጋናዬን ይንገሩልኝ።

ሦስቱን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ፤ ለሰዎቹም እንደጻፍኩት ያንብቡላቸው።

የምሠራው የአፍ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ደም ጋር ነው። በሁላችንም ደም ውስጥ ሰውነትን የሚጠብቁ ነጭ ሴሎች አሉ። ሥራቸው አንድ አይደለም። ጀርም ሲገባ ቀድመው የሚሮጡ አሉ፤ የተበላሸን ሴል ለይተው የሚገድሉ አሉ፤ ጠቡ ሰውነትን ራሱን እንዳይጎዳ «በቃ» ብለው የሚገላግሉም አሉ። ካንሰር በያዘው ሰው ደም ውስጥ የእነዚህ ሚዛን የሚዛባ ይመስለናል፤ ገላጋዮቹ በዝተው ገዳዮቹ የሚፈዙ። መምሰሉ ብቻ አይበቃምና እንቆጥራቸዋለን። ማሽኑ ሴሎቹን በቀጭን መንገድ አሰልፎ አንድ በአንድ በብርሃን ፊት ያሳልፋቸዋል፤ እርስዎ ፍየል በበረት በር እያሳለፉ እንደሚያስቆጥሩት ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት አንድ ጊዜ፣ በኋላ አንድ ጊዜ እንቆጥራለን።

በአዳን የማይላከው ሴሎቹ ከሰው ከወጡ በኋላ ስለማይቆዩ ነው። በዚያው ቀን ካልቆጠርናቸው ይሞታሉ። የሞያሌ መንገድ አንድ ቀን ይበላል። ስለዚህ የሚመጣው ደሙ ሳይሆን ሰውየው ነው።

የሰጠ ሰው ከደሙ ምንም አያገኝም። ይህን ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው። ጥቅሙ ወደፊት ለሚታመሙ ሰዎች ነው፣ ያውም ከተሳካልን። ነገር ግን የመጣ ሰው ሐኪም ያየዋል፤ ከቁስሉ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል፤ እሱ ለራሱ ነው። ከእናንተ አገር እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልመጣልንም። በሽታው ስለሌለ እንዳይመስልዎ።

አሁን ስለ ሦስተኛው ሰውዬ። አቡያ፣ ከሦስቱ ያስፈራኝ እሱ ነው። የምላስ ጠርዝ፣ አራት ወር፣ ጆሮ የሚወጋ። ስሙን አልጠይቅም። ቀን አይቁጠር፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ይሳፈር። እምቢ ካለዎት ሚስት ካለችው ለሚስቱ ይንገሯት።

ዐፋፍ


ሞያሌ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ዐፋፍ ልጄ፣

ለሚስቱ ነገርኳት። ሙስሊማ ናት።

ሰምታ ብድግ አለች። ከዚያ ባትሪ ይዛ አፍህን ክፈት አለችኝ፤ አየችና ባትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ስትመለስ የአውቶቡስ ቲኬት ይዛ ነበር። ያለቀሰችው ቲኬቱን ከሰጠችኝ በኋላ ነው።

ስለ ስልኩ የዋሸሁሽን ይቅር በይኝ። ኔትወርኩ ደህና ነው። ምላሴ ስለሚጎተት ከመጀመሪያው ቃል ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ገበያ ላይ ጥርሴን አሞኛል ነው የምላቸው። ደላላ ታመመ ከተባለ ሰው ሌላ ደላላ ይይዛል።

ማክሰኞ ሦስታችንም እንነሣለን። ዓምበሮ ደስ ብሎት ነው የሚመጣው፣ ናይሮቢን አይቶ አያውቅም። ጡሜን ለማሳመን ጎልቦ ድረስ ሄጄ የጻፍሽውን አነበብኩላቸው። «ከደሙ ምንም አያገኝም» የሚለው ላይ ስደርስ ልተወው ብዬ ነበር፤ አልተውኩትም። ሳቁና «እውነት የሚናገር ሐኪም ቤት ካለ ልየው» አሉ።

አቡያሽ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017

ለአቡያ፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ትናንት ጠዋት ሾርባ ይዤ ስመጣ አልጋዎ ተነጥፎ አገኘሁት። ነርሷ «ሽማግሌው በጠዋቱ ልብሱን ለብሶ ሄደ» አለችኝ። አዳንን ቀትር ላይ በስልክ ሳገኘው ኢሲዮሎን አልፈናል፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል አለኝ። አላስወረድኩዎትም። አዋቂ ሰው ነዎት።

ከመሄድዎ በፊት አጥርተው ያልሰሙትን ልንገርዎ። የዓምበሮ ቁስል ካንሰር አይደለም። የተሰበረ ጥርስ ነው ጉንጩን ሲቆርጠው የከረመው። ጥርሱን ነቀሉለት፣ ይድናል። የጡሜ ግን ወደ መንጋጋ አጥንታቸውና ወደ አንገታቸው ወርዷል። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሜርሲ ቢላ የሚደርስበትን አልፏል ብላለች። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኟቸው። ደም ይቀዳ አይቀዳ ብዬ ሳመነታ እጅጌያቸውን የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። «ለእርስዎ እንደማይጠቅም ያውቃሉ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በእርስዎ አስተርጓሚነት «ለእኔ ባይሆን ለሚመጣው ይሁን» ያሉኝን ያስታውሳሉ፤ ስጽፈው እንባዬ ይመጣል።

የእርስዎን ራስዎ ሰምተዋል። የምላስዎ ግማሽ መወገድ አለበት።

ዛሬ ሙስሊማ ደወለችልኝ። «ደምህን አይቼዋለሁ፣ ጠባቂዎቹ ብርቱ ናቸው፣ ቢላው ከነካህ ትድናለህ ብለሽ ጻፊለት፤ ያንቺን ቃል ያምናል» ብላ ለመነችኝ። እንደ እናቴ አሳድጋኛለች፣ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። እምቢ አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ለምን እምቢ እንዳልኩ እነሆ። ደምዎን አላየሁትም። እጄ ላይ የሚደርሱት ቱቦዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የትኛው የእርስዎ እንደሆነ አላውቅም፣ ብጠይቅም አይነገረኝም። ባውቅም ደግሞ የአንድን ሰው ሴሎች ቆጥሬ ይኖራል፣ አይኖርም ለማለት የሚያስችል ዕውቀት ገና የለንም። ያንን ለማወቅ ነው የምንቆጥረው። በውሸት የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ካስተኛሁዎት፣ ነገ ለሌላው ሰው የምነግረው እውነት ምን ዋጋ ይኖረዋል?

የማውቀውን ልንገርዎ፤ ይህ ከደም ሳይሆን ከዶክተር ሜርሲ አፍ ነው። በፎቶው እንደታየው ወደ አንገትዎ አልወረደም። ዛሬ ግማሹን ከወሰዱ ሌላው ይተርፋል። ሁለት ወር ከቆዩ ሙሉውን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጡሜ ላይ አይተውታል። እንደሚድኑ ቃል አልገባም አለች። ዕድልዎ ደህና ነው፣ ዛሬ ከነገ ይሻላል ነው ያለችው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሆዴ ይውጣ። ለሁለቱም ዒድ ከኢስሊ ገበያ እየገዛሁ የምልክልዎትን ትምባሆ አስታውሳለሁ። በላብራቶሪ ጋውን ውስጥ ሆኜ፣ የሚያመጣውን እያወቅሁ፣ ይወድደዋል ብዬ ላክሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ዐፋፍ


ሞያሌ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017

ልጄ ዐፋፍ፣

ትምባሆውን ያኘክሁት እኔ ነኝ። ላኪው አያኝክም። ይህ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ።

ሙስሊማም አኩርፋሻለች፣ ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። «ይቺ ልጅ አንተን ነው የወጣችው» አለች፤ ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም።

ለምን ሸሸህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልንገርሽ። ሞት ፈርቼ አይደለም። ሐኪሟ «ግማሽ ምላስ» ስትል የታየኝ ገበያው ነው። ሻጭና ገዢ ሲጣሉ መሐል ገብቼ የማስታርቀው በምን ይሆን? የቦረናውን በኦሮምኛ፣ የደገኛውን ነጋዴ በአማርኛ፣ የናይሮቢውን በስዋሂሊ የማናግረው በምን ይሆን? እጅና እግር የሌለው ደላላ አይቻለሁ። ምላስ የሌለው ግን አላየሁም። ስለዚህ ተነሥቼ ወጣሁ። አሳፋሪ ነው፣ ያውም ላንቺ ሳልናገር።

ባለፈው ሐሙስ ጡሜን ልጠይቅ በቦዳቦዳ ሞተር ጎልቦ ሄድኩ። ከግመሎቹ በረት አጠገብ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ልጃቸው ወተት በማንኪያ ታጠጣቸዋለች፤ ግማሹ በአገጫቸው ይወርዳል። ድምፃቸው ደክሟል፣ ጠጋ ብዬ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ደማቸው ተቆጥሮ እንደሆነ ነው። በዚያው ቀን ተቆጥሯል አልኳቸው። ከዚያ ምላሴን ጠየቁኝ። እያሰብኩበት ነው አልኩ። ስለ ገበያው ያልኩሽን ሁሉ ለሳቸውም አልኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ሐኪሟ ለእኔ ቢላ የለኝም አለች» አሉኝ። «ለአንተ አላት። አንተ ደግሞ ሸሸህ።»

ዓይኔን ወደ ግመሎቹ አዞርኩ።

«ግመሎቼን ሠላሳ ዓመት የሸጥክልኝ አንተ ነህ» አሉ ቀጥለው። «ያመንኩት አንተን ነው እንጂ ምላስህን አይደለም። ስንት ምላስ ያለው ሌባ ገበያው ውስጥ አለ።»

ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ። ስወጣ ልጃቸው ተከትላኝ መጣችና እናቷ ከዚህ በኋላ ብዙ ይቆዩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንቺ እንዳደረግሽው አደረግሁ፤ አልዋሸሁም።

እሑድ ተነሥቼ እመጣለሁ። ሙስሊማም አብራኝ ትመጣለች፤ እንዳልሸሽ በሩ ላይ እተኛለሁ ብላለች። ዶክተር ሜርሲን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቢላዋን ትሳል።

አቡያሽ


ሞያሌ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017

ለዐፋፍ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከናይሮቢ ከተመለስን ስድስት ሳምንት ሆነን። ለምን ዝም አልክ ላልሽው፣ ዝም አላልኩም፤ መናገር እየተማርኩ ነው። ከክንዴ ወስደው ምላሴ ላይ የሰፉት ሥጋ ዳር ዳሩ ደርቋል። የጨረር ሕክምናው ያቆሰለው ጉሮሮዬም ረግቷል። ገንፎ በወተት አቅጥኜ እውጣለሁ፣ ሩዝም ጀምሬያለሁ። «ረ» እና «ለ» ግን ከእኔ ጋር ተጣልተዋል። ሙስሊማ የምለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ሌላው ሰው ግማሹን። ባለፈው ሳምንት ስሜን ሙሉ አድርጌ ጠርቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ጡሜ አርፈዋል። በረመዳን ሁለተኛው ሳምንት ነው፣ እኔ ጨረር ላይ ሳለሁ። ሙስሊማ ሰምታ ከእኔ ደበቀች፣ እኔ ስሰማ ካንቺ ደበቅሁ። በየቀኑ ከሥራ ወጥተሽ እኔን ለማየት ስትመላለሺ ፊትሽ ከስቶ ነበርና ሌላ ሸክም ልጭንብሽ አልፈለግሁም። ጎልቦ ሄጄ ልጃቸውን አጽናንቻለሁ።

አሁን ስለ ገበያው። አረፋ ደርሷል፣ ከብቱ ከድንበሩ ከሁለቱም ወገን እየገባ ነው። ሰኞ ሙስሊማ ሳታየኝ ወጣሁ። ድሮ ከምቆምበት ዛፍ ሥር ስቆም የማውቃቸው ሁሉ ሰላም አሉኝና ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ሌላ ደላላ ይዘዋል። አልፈረድኩባቸውም። እስከ ረፋድ ድረስ እንደ ግንድ ቆምኩ። ልመለስ ስል ከሊበን መንደር የመጣ አንድ የግመል ነጋዴ፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ፎጣውን ከትከሻው አወረደና እጁን ሸፍኖ ዘረጋልኝ።

አንቺ ከተማ ስለኖርሽ ረስተሽው ይሆናል። እዚህ የግመል ዋጋ በአደባባይ አይነገርም፤ በፎጣ ሥር በጣት ነው የሚነጋገሩት። አንዱን ጣት መጨበጥ አንድ ነገር ነው፣ እጅን መምታት ሌላ ነው። ጣቶቼ ምንም አልተቆረጠባቸውም። ቀትር ሳይደርስ ሁለት ግመል አሻሻጥኩ። ቤት ስመለስ ሙስሊማ ልትቆጣኝ ተዘጋጅታ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

ሰዎች ሲጣሉ ገብቶ ማስታረቁ ግን ይቀረኛል። ለእሱ ገና ዘዴ አላገኘሁለትም።

ከቀዶው በኋላ ከክንዴ የተቀዳው ሁለተኛው ደም ምን አለ? የእኔን ብቻ ማለቴ አይደለም፣ እሱን እንደማትነግሪኝ አውቃለሁ። የሁሉንም።

አቡያሽ ሙሐረም


ናይሮቢ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017

ለአቡያ፣

ዒድ ሙባረክ ይሁንልዎ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ቆጠራውን ሳልጨርስ መጻፍ አልፈለግሁም።

የጡሜን ዕረፍት ስሰማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ተመልሼ ገባሁ። የእሳቸው ቁጥር የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ግን የሠላሳ ስምንት ሰዎች ደም ቆጥረናል፤ ከሠላሳ ስምንቱ አንዷ እሳቸው ናቸው። አንዳቸው ቢጎድሉ ድምሩ ሌላ ይሆን ነበር።

የጠየቁኝን ልመልስ። ጤናማ ከሆኑ ሰዎች ደም ጋር ስናስተያየው፣ በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ገዳዮቹ ሴሎች አንሰዋል፤ ገላጋዮቹ በዝተዋል። በሽታው በገፋባቸው ሰዎች ልዩነቱ ይሰፋል። ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ውስጥ በከፊሎቹ ሚዛኑ ወደ ቦታው መመለስ ጀምሯል፤ በሌሎቹ ግን አልተመለሰም፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም። ሠላሳ ስምንት ሰው ጥቂት ነው። ማንንም በዚህ ማከም አይቻልም። ገና መጀመሪያው ነው፣ ግን መጀመሪያው በእጃችን አለ።

ዶክተር ሜርሲ ጥናቱ እንዲቀጥል ጠይቃ ተፈቅዶልናል። በዚህ ጊዜ ሰዎቹ ቀድመው እንዲመጡልን ነው የምንፈልገው፣ ቁስሉ ገና ትንሽ ሳለ። ያኔ ደማቸውም ሌላ ነገር ይነግረናል፣ ቢላውም ትንሽ ይበቃዋል። እንዲህ ያሉትን ይፈልጉልን ብዬ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ገና ማገገምዎ ነው።

ስለ ሙስሊማ ኩርፊያ ጠይቀው ሊያስታርቁን ይችሉ ይሆን?

ዐፋፍ


ሞያሌ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017

ዐፋፍ ልጄ፣

ሙስሊማ ኩርፊያዋን የጨረሰችው ናይሮቢ በሩ ላይ ስትተኛ ነው። ላንቺ መንገር ረስታ ነው።

ልጠይቅህ ብዬ ተውኩት ያልሽውን ጀምሬዋለሁ። የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ ኢማሙ ስለ አፍ ቁስል እንዲናገር አድርጌያለሁ። ዓምበሮም በነፃ በሞተር ያመላልሰኛል፤ ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ ራሱን ግማሽ ሐኪም አድርጎታል። ባትሪ፣ ንጹሕ ማንኪያና ስለ ጥናቱ የጻፍሽውን ወረቀት ይዤ ከቡቲዬ እስከ ጎዶማ እዞራለሁ። እኔ ምንም አልወስንም። ነጭ ወይም ቀይ ሆኖ የማይድን ነገር ካየሁ ወደ ሐኪም ሂድ እላለሁ፣ ያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ አልሆነልኝም። ንግግሬን ለመስማት ሲቸገሩ ያዝኑልኛል፣ ያዘነልሽ ሰው ደግሞ አይሰማሽም። ዓምበሮ እንዲናገርልኝ አደረግሁ፤ እሱ ያበዛዋል።

ባለፈው ረቡዕ ጎዶማ ውስጥ፣ ስሙ ቃሊቻ የሆነ ሰው ጋ ደረስን። አርባ ዓመት አይሞላውም፣ ፍየል ነጋዴ ነው። ከምላሱ ሥር ቆስሎ ሁለት ወር ሆኖታል። ሚስቱ ናት የጠራችን። ዓምበሮ ተናገረ፣ እሱ አንገቱን ነቀነቀ። ዓምበሮ ደግሞ ተናገረ። ቃሊቻ ተነሥቶ ከፍየሎቹ ጋር ሊሄድ ሆነ። «ምላሴን ተቆርጬ ከምኖር በቁስሌ ልሙት» አለ ለሚስቱ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

መንገዱ ላይ ቆምኩበትና አፌን ከፈትኩ።

ከቀዶው ወዲህ ከሐኪሞቹና ከሙስሊማ በቀር ልየው ላለ ሰው ከፍቼ አላውቅም። በፀሐይ ብርሃን፣ በሰው ፊት፣ እስከ ጉሮሮዬ ከፈትኩለት። የተሰፋውን አየ፣ የቀረውንም አየ። ረጅም ጊዜ አየ። 

«ያምማል?» አለኝ።

«አሁን አያምም» አልኩት። ቃሉ ተጎትቶ ወጣ፣ ግን ሰማኝ።

«ትበላለህ?»

ሚስቱ ሩዝ አቅርባ ነበር። ቁጭ ብዬ በላሁ። ቀስ ብዬ፣ ውሃ እየተጎነጨሁ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን። እሱም ከፊቴ ተቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ መቼ እንደጀመረኝ፣ ስንት ቀን እንደተኛሁ፣ ወደ ሥራ ተመልሼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም ራሴ መለስኩለት። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ በየደረስኩበት ዓምበሮን ከውጭ አስቀምጬ አፌን እከፍታለሁ።

ማክሰኞ ማለዳ አራት ሰዎች በአዳን አውቶቡስ ይነሣሉ፤ አንዲት ሴትና ሦስት ወንዶች። ስማቸውን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፣ አንቺ ዘንድ ቁጥር እስኪሆን ድረስ። ለሁሉም እውነቱን ነግሬያለሁ፦ ደሙ ለሌላ ሰው ነው፣ ሐኪሙ ለእናንተ ነው።

አንዱ ቃሊቻ ነው፤ ማንም አይቀበለኝ፣ የናይሮቢን መንገድ አውቀዋለሁ ብሏል። ከማርሳቢት ወዲያ አልፎ አያውቅም። ጠብቂው።

አቡያሽ ሙሐረም